ባለ አንድ ቦታው ይሄይስ

ሰሞኑን መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ውስጥ አንድ ወሬ እየተናፈሰ ነው። ይሄይስ ይቅርታ ጠየቀ ይባላል።

ወሬው የተነሳው ከሕንፃችን አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ሲነሳ «ይሄይስ ይቅርታ አለ» የሚል አጭርና ጨዋ ወሬ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ጫማ አከፋፋዮቹ ዘንድ ሲደርስ «ድምፁ እየተንቀጠቀጠ» የሚል ተጨመረበት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አለቀሰ። ምድር ቤት፣ እኔ ማኪያቶዬን ይዤ የምቀመጥበት ካፌ ሲገባ ይሄይስ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ለጉዳይ እህል በረንዳ ብቅ ስል ደግሞ ድንጋዩ ኩንታል ጤፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ያውም ማኛ።

አላመንኩም። ሶማሌ ተራ ውስጥ አንድ ገዢ በተጠራለት የመጀመሪያ ዋጋ ከፍሎ ወጣ ቢሉኝ፣ ቸኩሎ ይሆናል ብዬ አልፈዋለሁ። ሁለት የታክሲ ረዳቶች «አንተ ቅደም» «ኧረ አንተ» ተባባሉ ቢሉኝም ዘመኑ ተለውጧል እላለሁ። ይሄይስ ይቅርታ ጠየቀ ሲሉኝ ግን የተናጋሪውን ግንባር በእጄ ነካሁት። ትኩሳት ቢኖርበት ብዬ ነው።

ይሄይስን ባታውቁት እንኳ ታውቁታላችሁ። በዚህች አገር እሱን የመሰለ ሰው ሳይኖርበት የቆመ ቤት፣ የተከፈተ መሥሪያ ቤት፣ የተሰበሰበ እድር የለም። የጥፍር መቁረጫው ከቦታው ሲታጣ ቤተሰቡን አሰልፎ «ማነው ያነሳው?» የሚለው እሱ ነው። መቀሱን በሲባጎ ከጠረጴዛው እግር ጋር የሚያስረውም እሱ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ሄዳችሁ ውኃ ጠጥታችሁ ብርጭቆውን ስታስቀምጡ፣ በዓይኑ ተከትሎ፣ በጣቱ ሁለት ስንዝር ወደ ግራ የሚገፋው ሰውም እሱ ነው። ሌላው ሰው ሲሞት ንብረት ያወርሳል፤ እንደ ይሄይስ ያለው ቦታ ያወርሳል። «ሚስማሩ ሦስተኛው መሳቢያ፣ በስተግራ» ብሎ ነው ነፍሱ የምትወጣው።

የኛው ግን ተራ ሰው አይደለም። የኛው አመሉን ሙያ አድርጎታል፤ ደሞዝም ይበላበታል።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በብርድ ልብስ መጋዘንና በጥርስ ሐኪም መሃል በተሰነቀረች ክፍል ውስጥ እሱን ጨምሮ አራት ሰዎች ኮድ ይጽፋሉ። ነጋዴው በኢንተርኔት ሲሸጥ ክፍያውን የሚቀበልለትን ኮድ ነው። ኮዱ በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አንድ ጥቅል ነው። ላይብረሪ ይሉታል፤ ገብቼ ባይ የሚነበብ ነገር አጣሁበት። ነጋዴው ጥቅሉን ወስዶ ድረ ገጹ ላይ ይተክለዋል፤ ገዢው «ክፈል» የምትለዋን በጣቱ ሲነካ የቀረውን ጥቅሉ ይጨርሰዋል። ጥቅሉ ውስጥ ደግሞ ሞጁል የሚባሉ ክፍሎች አሉ። አንዱ «ክፈል» የምትለዋን ያሳያል፣ አንዱ ከባንክ ጋር ይነጋገራል፣ አንዱ የባንኩን መልስ ይቀበላል፣ አንዱ ለገዢው ደረሰኝ ይልካል። እንደኛው ሰፈር ነው እንግዲህ፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጠቀልላል፣ አንዱ ይሸኛል።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የግድ ማወቅ ያለባቸው አንድ ነገር አለ፤ ሱቁ የማን እንደሆነ። የሱቁ ስም፣ የሱቁ የምስጢር ቁጥር፣ ሽያጩ ለሙከራ ነው ወይስ የምር። ይህንን በአንድ ላይ ሴቲንግ ይሉታል። ይሄይስ ከመምጣቱ በፊት፣ እሱ «የጨለማው ዘመን» በሚለው ጊዜ፣ እያንዳንዱ ሞጁል ሴቲንጉን በየራሱ ኪስ ይዞ ነበር የሚዞረው። ባለሱቁ አንድ ነገር ልቀይር ሲል አሥራ አንድ ቦታ መቀየር ነበረበት። አንድ ጊዜ አሥሩን ቀይረው አንዱን ረሱት። ባንክ የሚያናግረው ሞጁል ሙከራ ላይ ነን ብሎ ዝም አለ፤ ደረሰኝ ላኪው የምር ነው ብሎ «ተከፍሏል» እያለ ላከ። አንድ ምስኪን ነጋዴ ሁለት ቀን ሙሉ ብርድ ልብስ በነጻ ሲያድል ዋለ። ይሄይስ ይህን ታሪክ ሲያወራ ኮፍያውን ያወልቃል።

ከዚያ መጣና ሴቲንጉን ሁሉ ከየኪሱ አራግፎ አንድ ፋይል ውስጥ ከተተው። «ከእንግዲህ ማንም ምንም አይይዝም፤ የፈለገ መጥቶ ይጠይቃል» አለ። ግድግዳው ላይም በትልቁ ለጠፈ፦ «አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ!» ከሥሩ አነስ አድርጎ፦ «አታስታውስ፣ ጠይቅ!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊቀ ሴቲንግ ይሄይስ ተብሏል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ለቀልድ ነው፤ እሱ ግን የሹመት ደብዳቤ እንደደረሰው ሰው በክብር ተቀበለኝ።

እውነቱን ለመናገር ኮዱ ተሻሻለ። ችግሩ ይሄይስ ኮድ ላይ አለማቆሙ ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ሻይ ነው። ማን ምን እንደሚጠጣ በሩ ጀርባ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ከካፌያችን ሻይ የምታወጣው ኪያ ማንንም ሳትጠይቅ ወረቀቱን አይታ ብቻ እንድታቀርብ ተደረገ። ሳምንት ሳይሞላ ዮርዲ የምትባለው ባልደረባው ስኳር ለማቆም ወሰነች።

«ኪያዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለኔ ያለ ስኳር።»

«ወረቀቱ ሁለት ማንኪያ ይላል።»

«የምጠጣው እኮ እኔ ነኝ!»

ይሄይስ ከስክሪኑ ቀና እንኳ አላለም። «ዮርዲ፣ አንቺን የጠየቀሽ የለም። ወረቀቱን ነው የጠየቀችው።»

«እሺ፣ ወረቀቱን ላስተካክለው።»

«ማመልከቻ አስገቢ።»

ዮርዲ ማመልከቻ አስገባች። ጉዳዩ ታይቶ እስኪጸድቅ አሥራ ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ጠጣች።

ቤቱማ አይነሳ። ባለቤቱ ወይዘሮ በለጥሻቸው በትዕግሥት ቢሾሙ ዛሬ ጄኔራል ነበሩ። ፍሪጁ ላይ የቤቱ ሴቲንግ ተለጥፏል፦ የጋዝ መቀየሪያ ቀን፣ የአክስቶች ስልክ፣ የልጅቱ የጫማ ቁጥር። የጫማው ቁጥር ሃያ ስምንት ይላል። እግር ደግሞ ሳያስፈቅድ ያድጋል። ለዘመን መለወጫ ሊቀ ሴቲንግ ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ ሃያ ስምንት ቁጥር ጫማ ገዝቶ ገባ። ልጅቱ ተረከዟን ብትገፋ፣ ጣቷን ብታጥፍ፣ ጫማው እምቢ አለ።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷ እኮ ሠላሳ ሆናለች!» አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው።

«ለማን አሳውቃ?» አለ ይሄይስ።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ይቅርታ ጠየቀ የምትሉኝ።

ወሬው ግን ከመሬት ዝም ብሎ አልበቀለም። አራተኛ ፎቅ ይነሳ እንጂ ሥሩ ያለው ከካፌው ሦስተኛው በር ላይ ባለች አንዲት ሱቅ ውስጥ ነው፤ የናኢማና የጋሽ ዘውገ ሱቅ። አንድ ሱቅ ናት፤ ሁለትም ናት። ኪራይ ለአንድ ሰው ሲከብድ ሱቅን ለሁለት መካፈል እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በግራ በኩል ናኢማ ሻርፕና ሂጃብ ትሸጣለች። በቀኝ በኩል ጋሽ ዘውገ ጓጉንቸርና የበር እጀታ ይሸጣሉ። መሃላቸው ጣውላ እንኳ የለም፤ ወለሉ ላይ የተለጠፈ አንድ ቢጫ ፕላስተር ነው ድንበራቸው። እሷ የወሎ ልጅ፣ እሳቸው የጉራጌ አባወራ፤ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ መቀስ፣ አንድ ካልኩሌተር ይዘው ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሲጣሉ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ሬዲዮው ምን ይክፈት በሚል ነበር።

ናኢማ በኢንተርኔት መሸጥ ስትጀምር ጋሽ ዘውገ «እኔም ጥጉን ልያዝ» አሉ። የድረ ገጽ ቦታም ኪራይ አለው፤ ተካፈሉት። ከዚያ የይሄይስን ላይብረሪ ወሰዱና እንደ ሱቃቸው፣ እንደ መቀሳቸው፣ አንዱን ለሁለት ተገለገሉበት። ማንም ስህተት አልታየውም። ለነሱ ሌላ ዓይነት ሱቅ የለማ!

ላይብረሪው ውስጥ ያለችው የሴቲንግ ቦታ ግን አንድ ብቻ ናት። የናኢማ ድረ ገጽ ይነሳና እዚያች ቦታ ላይ «ናኢማ ሻርፕ» ብሎ ይጽፋል። የጋሽ ዘውገ ይነሳና እሱን ደልዞ «ዘውገ ጓጉንቸር» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ደረሰኝ ላኪው ሞጁል ይመጣል። እንደታዘዘው አያስታውስም፤ ይጠይቃል። የሚያገኘውም መጨረሻ የጻፈውን ሰው ስም ነው።

ለአረፋ በዓል ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የወሎ ሰው ሁሉ ለዘመድ ስጦታ በሚገዛበት ሰሞን፣ ደሴ የሚኖሩ እትዬ ጀሚላ የሚባሉ እናት ለልጃቸው ሰርግ ሠላሳ ሻርፕ ከናኢማ አዘዙ፤ ከፈሉ። ስልካቸው ላይ የመጣላቸው መልእክት ይህ ነው፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ጓጉንቸራችንን ስለመረጡ እናመሰግናለን። ዘውገ ጓጉንቸር፤ አንዴ ከዘጋን ዘጋን ነው!»

ልጃቸውን የሚድሩ እናት ይህን ሲያነቡ ምን ይበሉ? የናኢማ ገጽ ላይ ገብተው ጻፉ፦ «እህቶቼ ተጠንቀቁ፤ ይቺ ሴትዮ ሻርፕ ብላ ጓጉንቸር ነው የምትሸጠው።» ከሥሩ ሌሎች መጡ። «እኔንም!» «እኔንም!» «እኔማ ለአማቴ ነበር!»

ወዲያ ማዶም ሰላም አልነበረም። ኪዳነወልድ የሚባል የቃሊቲ መጋዘን ጥበቃ ከጋሽ ዘውገ ትልቁን ጓጉንቸር ገዝቶ ኖሮ፣ ጠዋት ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያውለበልባል።

«ማነው ‹የኔ ቆንጆ፣ ይህ ቀለም ያምርብሻል› ያለኝ?»

«እኔ አይደለሁም ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ነው» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«ያነበበችው ሚስቴ ናት!»

«እሷስ ምን አለች?»

«የት ነው የሚያምርብህ አለችኛ!»

ገንዘቡ እንኳ ሁለቱን ባለሱቆች አላጣላቸውም፤ አንዱ ጋ የገባውን ለሌላው ያሻግራል፣ አለቀ። ችግሩ ስም ነበር። ናኢማ በዱባይ ተራ አማና ያላት ሴት ናት። ዕቃውን ረስቶ የሄደ ሰው በዓመቱ ቢመጣ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የረሳበት ቀን ተጽፎበት ያገኘዋል። መርካቶ ይህን ያውቃል። የደሴ ሰው ግን ፊቷን አያውቅም፤ የሚያውቀው ደረሰኟን ነው። ደረሰኟ ደግሞ ጓጉንቸር ነኝ ይላል።

ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ስትወጣ አየኋት። ማኪያቶዬን ትቼ ተከተልኳት፤ ምናልባት አስታራቂ ቢያስፈልግ ብዬ።

«ይሄይስ፣ ስሜን መልስልኝ» አለችው ገና ከበሩ።

«ስምሽ የት ሄደ?»

«ጋሽ ዘውገ ላይ።»

ስልኳን ሰጠችው። አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ደግሞ አነበበ። «ኮዱ ልክ ነው» አለ።

«ልክ ከሆነ እኔ ጓጉንቸር ነኝ ማለት ነው?»

«ኮዱ የታዘዘውን ሠርቷል ነው የምልሽ። ጥፋቱ የሱቃችሁ ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰው ምን ይሠራል? አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ!»

«መርካቶን አፍርሰህ ልትሠራልን ነው?»

«ማፍረስ አያስፈልግም። በአንድ ስም ተመዝገቡ። ዘውገና ናኢማ፣ ሻርፕና ጓጉንቸር።»

ጋሽ ዘውገ ደረጃውን ገና ጨርሰው፣ አንድ እጃቸውን በሩ መቃን ላይ፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነበር። «በስልሳ ስድስት ዓመቴ ሻርፕ ልሁን?» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ባይጨመሩ ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«እኔ የተጨመርኩት ያንተ ኮድ አንድ ወንበር ብቻ እንዳለው ሳይነገረኝ ነው፣ ልጄ።»

ዮርዲ ሳቋን ስክሪኗ ጀርባ ደበቀች። ናኢማ ግን አልሳቀችም።

«ስማኝ ይሄይስ» አለች። «እስከ ሐሙስ ካልሆነ ድረ ገጹን እዘጋዋለሁ። ደሴም ይቅር፣ ኮምቦልቻም ይቅር። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁትን ስም በአንድ ሳምንት አላስበላም። ወደ ግማሽ ሱቄ እመለሳለሁ፤ እዚያ ቢያንስ ፊቴን አይተው ነው የሚሰድቡኝ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም። ብትጮህ ይሄይስ መልስ ነበረው፤ ለጩኸት የተዘጋጀ መልስ አለው፣ የተቀመጠበትንም ቦታ ያውቃል። ለዚህኛው ግን ማስታወሻ ደብተሩን አነሳ።

«ነገ ወርጄ ሱቁን አያለሁ» አለ። «ጥፋቱ የት እንዳለ በጣቴ አሳያችኋለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ወረደ። ማስታወሻ ደብተር ይዟል፣ እስክሪብቶ ይዟል፣ ሜትር ይዟል። ሜትሩ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ቢጫው ፕላስተር አጠገብ፣ ባዶ የጓጉንቸር ካርቶን ላይ ተቀምጦ መታዘብ ጀመረ።

ረፋዱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጥፋት አልተገኘም። የዙሁር አዛን ሲሰማ ናኢማ ለሶላት ወጣች፤ ጋሽ ዘውገ ቢጫውን መሥመር ተሻግረው የሻርፑን በኩል ያዙ። ይህም የዘጠኝ ዓመት ልማዳቸው ነው። ወዲያው ሁለት ሴቶች ገቡ። ጋሽ ዘውገ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «የማን ናችሁ?» አሉ። «የናኢማ» አሉ ሴቶቹ። ከምስማሩ ላይ ሁለት አረንጓዴ ፌስታል መንጭቀው ሰጧቸው። ወዲያው የሚከተለው ሰውዬ ገባ። «የማን ነህ?» «የርስዎ፣ ጋሼ።» ጥቁር ፌስታል። ከዚያ ወደ ሻርፑ ዞረው ሥራቸውን ቀጠሉ።

«እህቴ፣ ይሄኛውን ውሰጂ። ዝገት አይነካውም።»

«ሻርፕ ነው እኮ!»

«ቢሆንም።»

ናኢማ ስትመለስ ደግሞ ጋሽ ዘውገ ምሳ ወጡና እሷ ጓጉንቸሩን ያዘች። «ይሄ ወርቃማው ለግቢ በር ደመቅ ይላል» እያለች ሦስት ሸጠች። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይጋፋል፤ ሻርፕ የሚሸጠው ጓጉንቸር ይጠቀልላል፣ ጓጉንቸር የምትሸጠው ሻርፕ ትለካለች። መቀሱ አንድ፣ ካልኩሌተሩ አንድ። ሁለት የደረሰኝ ደብተር አለ፤ በትርምሱ መሃል አንድም ሰው የሌላውን ደረሰኝ ይዞ አልወጣም።

ይሄይስ ካርቶኑ ላይ ተቁነጠነጠ። ጋሽ ዘውገ ከምሳ ሲመለሱ ያዛቸው።

«ጋሼ፣ ቅድም ያቺ ሴትዮ የናኢማ መሆኗን ደረሰኝ ሲቆርጡ በምን አወቁ?»

«ፌስታሏን ይዛ የለ?»

«የሆነ ቦታ አልጻፉትም?»

«ለምን እጽፈዋለሁ? ራሷ ይዛው ትዞራለች።»

«መሃል ላይ ሌላ ገዢ ቢገባስ?»

«የራሱን ይይዛላ!» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ሰው እንዴት ይህን ይጠይቃል በሚል ዓይነት። «እኔ የስንቱን አስታውሼ? ማነው የማን የሚለውን ግድግዳ ላይ ብጽፈው እኮ ገና ሳልዞር ሌላ ሰው ገብቶ ይለወጣል። መቀስ ነው ቦታ የሚኖረው፤ ገዢ እግር አለው።»

ይሄይስ እስክሪብቶውን ከደነ። ምስማሩ ላይ ያሉትን ፌስታሎች ሄዶ በጣቱ ነካካቸው፤ አረንጓዴውን፣ ጥቁሩን፣ መልሶ አረንጓዴውን። ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ በሲባጎ ሲያስር የኖረ ሰው፣ ስም እየተንቀሳቀሰ ሳይጠፋ ሲውል ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። አንድ አረንጓዴ ፌስታል አጥፎ ኪሱ ከተተና ደህና ዋሉ ሳይል ደረጃውን ወጣ። ሜትሩን ካርቶኑ ላይ ረሳው። ይሄይስ ዕቃ ረሳ! ያን ጊዜ ነው የሆነ ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ ይሄይስ ኮዱን አስተካክሎ ጨረሰ። ዮርዲ በቀላል አማርኛ እንዳስረዳችኝ፣ ለሁሉም አንድ የሆነው ነገር እንደ መቀሱ አንድ ቦታ ቀረ። የማን ሱቅ የሚለው ግን ከቦታው ተነስቶ ከገዢው ጋር መዞር ጀመረ፤ እያንዳንዱ ግዢ ሲነሳ የራሱን ሴቲንግ ይይዛል፣ ከሞጁል ሞጁል ሲያልፍም ይዞት ያልፋል። ደረሰኝ ላኪው የትም ሄዶ አይጠይቅም፤ የመጣለትን ፌስታል ያያል። ለሙከራ ናኢማ ከጋሽ ዘውገ ጓጉንቸር፣ ጋሽ ዘውገ ከናኢማ ሻርፕ፣ እኩል በአንድ ጊዜ ገዙ። የናኢማ ስልክ ላይ «አንዴ ከዘጋን ዘጋን ነው!» መጣ። የጋሽ ዘውገ ላይ «የኔ ቆንጆ፣ ይህ ቀለም ያምርብሻል!»

«ይሄስ ልክ ነው?» አሉ ጋሽ ዘውገ።

«ልክ ነው ጋሼ። ሻርፕ ገዝተዋል።»

መልእክቱን ግን አላጠፉትም። ለባለቤታቸው እንዳሳዩ ሰምቻለሁ።

ናኢማ አመሰገነች፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። ገጿ ላይ ያ «ተጠንቀቁ» የሚለው እንዳለ ነው። ኮዱ ተስተካከለ እንጂ ደሴ መቼ ተስተካከለች! ሐሙስ ነገ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ምስክሬ ዮርዲ ናት። ሐሙስ ጠዋት ይሄይስ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ደረሰኝ የተሳሳተባቸውን አርባ አንድ የናኢማ ገዢዎች ዝርዝር አወጣ። ዮርዲ ስትገባ በሩን ከኋላዋ ዘጋ። ስልኩን አነሳና ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ደወለ። «ስሜ ይሄይስ ይባላል» ይላል። «ናኢማ ምንም አላጠፋችም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሻርፕዎ መንገድ ላይ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» አንዳንዱ ይሰድበዋል። እስኪጨርሱ ሰምቶ «ልክ ነዎት» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዮርዲ አርባ አንዴ ቆጠርኩ ብላ ምላለች። ድንጋይ ግን አላየሁም ትላለች። ለቅሶንም አላየሁም፤ ሁለት ጊዜ አፍንጫውን ጠርጓል፣ ጉንፋን ይሁን አይሁን አላጣራሁም ትላለች።

አመሻሹ ላይ ናኢማ ስልኳን ይዛ ካፌው ገባችና እያንዳንዳችንን አስነበበችን። እትዬ ጀሚላ የበፊቱን አጥፍተው አዲስ ጽፈዋል፦ «እህቶቼ፣ ለካ ተሳስቼ ነው። ሴትየዋ ንጹህ ናት። ሠላሳውም ሻርፕ ደርሶኛል፤ ቀለሙ የማር ነው።» ናኢማ የሁላችንንም ሂሳብ ልክፈል ብላ ተሟገተች። ድረ ገጹ አልተዘጋም።

እንግዲህ ልናገረው። በይሄይስ ስንት ዓመት ቀልጄበታለሁ፤ ነገም እቀልዳለሁ። ባለፈው ክረምት ግን እናቴ ስትታመም የሆስፒታል ካርዷ ቁጥር ጠፍቶብን፣ ቤቱን ስናገለባብጥ አድረን፣ ጠዋት ካፌ ገብቼ እንዲሁ ሳማርር ይሄይስ ሰማኝ። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ተመለሰና ቁጥሩን በወረቀት ሰጠኝ። ከአራት ዓመት በፊት በጨዋታ መሃል ነግሬው ኖሯል። ሁለተኛው መሳቢያ፣ በስተቀኝ። ስለዚህ ይህ ሰው እኔም፣ እናቴም፣ የማን እንደሆንን የሚያውቅልን ሰው ነው።

ያም ሆኖ ወሬ ሳይጣራ አይተውም። ዓርብ ወጣሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ሊቀ ሴቲንግ፣ ይቅርታ ጠየቅክ ይባላል።»

«ማነው ያለው?»

«መርካቶ።»

«የት ተጽፏል?»

«አልተጻፈም። ይወራል።»

«ያልተጻፈ ነገር የለም» አለና ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ስልኩ ጮኸ። ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለነበር በድምፅ ማጉያው ለቀቀው። ከወዲያ ማዶ አንዲት እናት በወሎ አነጋገር ክፍሉን ሞሉት።

«አንተ ልጅ! ያ ትናንት ደውለህ ይቅርታ ያልከኝ አይደለህም? አላህ ያክብርህ፣ እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ ብዬ ሳወራህ ነው ያደርኩ። በል ስማ፤ የልጄ ሰርግ ከአረፋ በኋላ ባለው እሁድ ነው። ባለቤትህንም፣ ልጅህንም ይዘህ ደሴ ትመጣለህ። ብትቀር ውርድ ከራሴ!»

ይሄይስ እኔን አየኝ። ዮርዲን አየ። ትሪ ይዛ በሩ ላይ የቆመችውን ኪያን አየ። እስክሪብቶ አነሳ፣ ወረቀት ሳይፈልግ መዳፉ ላይ «እሁድ፣ ደሴ» ብሎ ጻፈ፣ ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«ተሳስተዋል፣ እትዬ ጀሚላ» አለ። «እኔ በዕድሜዬ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። እንደዚያ ያለ ሰውም እዚህ ቤት አይሠራም።»